ከማጣሪያው ገንዳ የጎደለው ጥጥ

ጉዳዩ፦ የመጠጥ ውሃ መበከል
የምስክሩ ስም፦ ለደኅንነቱ ሲባል በተለየ ፖስታ ታሽጎ ተይዟል፤ በሥራ ቦታው «ሽቦ» በሚል ቅጽል ይታወቃል
ዕድሜ፦ 20
የትምህርት ደረጃ፦ 4ኛ ክፍል
ሥራ፦ የትራስ መሙያ በሚያመርት ድርጅት የቀን ሠራተኛ
አድራሻ፦ በላይኛው የውሃ ማጠራቀሚያ ግቢ፣ በጠባቂው ክፍል ውስጥ፣ ከአጎቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ መስከረም 14 ቀን፣ ከረፋዱ ጀምሮ፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር በመርማሪው ከተነገረኝ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮች እንዲመዘገቡልኝ ጠይቄያለሁ። አንደኛው፣ ወደዚህ ጣቢያ ያመጣኝ የድርጅቱ ባለቤት በመኪናው ውስጥ ሆኖ ከበሩ ፊት ለፊት እየጠበቀኝ ሲሆን፣ እርሱ እንድናገር ያዘዘኝና እኔ የምናገረው አንድ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ተጠርጥሮ በዚሁ ጣቢያ የታሰረው የውሃ ማጠራቀሚያው ጠባቂ የእናቴ ወንድም መሆኑ ነው። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት መርማሪው ከኮሪደሩ ቧንቧ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ከፊቴ አስቀምጠውልኛል። ለራሳቸውም ቀድተዋል።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ ነው። የተወለድኩበት ቦታ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያድራል። እናቴ ስትሸኘኝ ለአጎቴ በስልክ «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ጥላውን የሚፈራ ነው፤ አደራህን» ስትለው፣ እርሱም «ምን ችግር አለው? ፈሪ ለእናቱ ነው፤ በሕይወት ይመለስልሻል» ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። አጎቴ ሚስትም ልጅም የለውም። የላይኛውን የውሃ ማጠራቀሚያ የሚጠብቀው፣ ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ማጣሪያውንም የሚያጥበው እርሱ ብቻ ነው። ውሃው ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ለሰፈሩ ቦኖ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። አጎቴ ከክፍሉ ጥግ መኝታ ሰጠኝ፤ በግቢው አጥር ማዶ በሚገኘው ድርጅትም ተለማምጦ ሥራ አስገባኝ።

ድርጅቱ በተለምዶ ማስክ የሚባለውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እየፈጨ የትራስና የፍራሽ መሙያ ያመርታል። በወረርሽኙ ጊዜ በብዛት ተገዝቶ ሳይሸጥ የቀረ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ አንዳንዴም ሰው ተጠቅሞ የጣለው ማስክ በጭነት መኪና እየመጣ በመጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። በመጀመሪያ «መቀስ» የምንላት እናት የጆሮውን ላስቲክ ትቆርጣለች። ስሙን ያገኘችው በእጇም በምላሷም ስለምትቆርጥ ነው። ቀጥሎ እኔ በአፍንጫው በኩል ያለውን ቀጭን ሽቦ መዝዤ አወጣለሁ፤ ሽቦው አብሮ ከገባ የማሽኑን ስለት ይሰብራልና። ሽቦ የተባልኩትም ለዚህ ነው፤ መቀስ ግን «በቁመናህ ነው» ትላለች። ከዚያ ማስኩ «ጅቡ» ወደምንለው መፍጫ ይጣላል። ጅቡ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ በጀርባው በኩል ነጭ፣ ለስላሳ፣ እፍ ሲሉት የሚበን ነገር አድርጎ ያወጣዋል። እኛ ጥጥ እንለዋለን። ጥጥ ግን አይደለም፤ ማስክ የሚሠራው ከፕላስቲክ ክር ነው።

ጅቡ ሲሠራ ፀሐይ በበሩ በኩል ስትገባ በአየሩ ላይ የሚንሳፈፈው ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይዋ ስትዞር አይታይም። መጀመሪያ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን እዚያው እንዳለ ገባኝ፤ ስለሆነም ክፍሉ ጥላ በሆነበት ሰዓት ይበልጥ እፈራ ነበር። መከላከያ ስለማይሰጠን ከክምሩ ማስክ እያነሳን እናጠልቃለን። መቀስ «ከጅቡ የሚያድነን የጅቡ ቀለብ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ማታ ስንወጣ ቅንድባችንና ሽፋሽፍታችን ነጭ ሆኖ በአንድ ቀን ያረጀን እንመስላለን። ከገባሁ ጥቂት ወራት በኋላ ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ጠዋት ስስል መሐረቤ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር አየሁ። መቀስን «እትዬ፣ ይሄ ነገር ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ የት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንተ ደግሞ! ሞት ራሱ ቢመጣ ለጥርስ መጎርጎሪያ እንኳ አያነሳህም፤ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ይህን ብላ ስትጨርስ እርሷንም ሳል ያዛት፤ ረጅም ጊዜ ሳለች።

ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ቦይ ወለሉ የሚታጠብበት ውሃ የሚፈስበት ነው። ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆ ደርቋል። እኔ ስመጣ በቦዩ ውስጥ እንቁራሪት ይጮኽ ነበር፤ አሁን አይጮኽም። በአጥሩ ላይ አንዲት ወፍ ከእኛው ጥጥና ከተቆረጠው ላስቲክ ጎጆ ሠርታ ነበር። ጫጩቷ ልትበር ስትነሳ እግሯ በላስቲኩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ አገኘኋት። ልፈታት ስደርስ ሞታ ነበር። ይህ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ከተገኘ መርማሪው ሊሰርዙት እንደሚችሉ ገልጬ ነበር፤ እንዲቆይ ተደርጓል።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመጣው ወንዝ ደፈረሰ። ማጣሪያው ሁለት ገንዳ አለው። የላይኛው ገንዳ ሰፊ ነው፤ ውሃው በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው በዚያ ነው። የታችኛው ጠባብ ሲሆን ከቧንቧው መውጫ አጠገብ ይገኛል፤ የብረት ክዳኑ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ የማያውቅ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። አሸዋው አርጅቶ በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር አጎቴ አዲስ አሸዋ እንዲሰጠው የውሃውን ክፍል ደጋግሞ ጠየቀ። መልሳቸው ሁልጊዜ «ይመጣል» ነበር። ከቦኖው የሚቀዱ ሴቶች ሲያገኙት «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ሻይ አፍልተህ ላክህልን? ስኳሩን ረሳኸው እኮ!» ይሉታል። አብሯቸው ይስቅና ቤት ሲገባ ምግብ አይቀምስም ነበር። ካቻምና ክረምት በዚሁ በደፈረሰ ውሃ ብዙ ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር ነግሮኛል። «ከእኔ ቧንቧ የጠጣ ልጅ ሲታመም፣ ሌላው ሰው ምንም ቢል ያሳመምኩት እኔ ነኝ» ያለኝን አልረሳውም።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን አጎቴ ለምሳ ሊጠራኝ ወደ መጋዘኑ ገባና ከጅቡ ጀርባ የተከመረውን ነጭ ጥጥ አየ። በእጁ አፈሰ፤ በጣቶቹ መካከል አሸው፤ ወደ ብርሃን አነሳው። ቀጥሎ የተባለው እንዳለ እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅሁ ቃል በቃል ሰፍሯል።

«ይሄ ማስኩ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ አጎቴ።»

«በሽታ ያስቀራል ተብሎ ዓለም በሙሉ አፉ ላይ አስሮት የለ?»

«አስሮት ነበር።»

«ታዲያ በሽታን ያስቀረ ጭቃን ያቅተዋል?»

እውነት መሰለኝ። መቀስም «ጋሼ ሙት፣ አንተ መማር ነበረብህ» አለችው። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በዚያ ወቅት በትራሱ ላይ የተኙ ሰዎች ፊታችንን አሳከከን እያሉ ስለሚመልሱ ጥጡ ተከማችቶበት ነበር። «ውሰድ፣ ውሰድ! ቦታ ነው ያጣበበኝ። እንዲያውም ልጁ ይሸከምልህ» ብሎ በመቀስና በእኔ ፊት ፈቀደ። ጆንያዎቹን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በአጥሩ በር በኩል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን ነው የወሰድናቸው። ሰርቀን አልወሰድንም።

አሮጌውን አሸዋ አውጥተን ጥጡን በላይኛው ገንዳ ውስጥ ጠቀጠቅን። እውነተኛ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይሰምጣል፤ ይህ ግን እየተንሳፈፈ አስቸገረን፤ በአንድ በኩል ስንጫነው በሌላ በኩል ብቅ ይላል። በመጨረሻ የወንፊት ሽቦ ደርበን ትልልቅ ድንጋይ ጫንበት። ያኔ ፈራሁ፤ ምክንያቱን ግን አላወቅሁም፤ እኔ ብዙ ነገር ስለምፈራ ይህንንም እንደ ሌላው ቆጠርኩት።

በማግስቱ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። ሴቶቹ ከቦኖው እስከ ማጠራቀሚያው ድረስ መጥተው አጎቴን መረቁት። አንዷ «ጋሼ፣ ውሃው መስታወት ሆኗል፤ ልቀዳ ጎንበስ ስል ፊቴን አይቼ ደነገጥኩ» ስትል፣ ሌላዋ «እሱስ ውሃው ምን ያድርግ!» ብላት ሁሉም ሳቁ። አጎቴ በዚያን ቀን ጠግቦ በላ። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ አጎቴ «ጥጡ ረገብ ብሏልና ጨምርልኝ» አለኝ። አመጣሁ። ከዚያም ደግሞ አዘዘኝ፤ ደግሞ አመጣሁ። ጆንያው የሚገባበት ቦታ ሁልጊዜ ይገኝ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ገደማ የላይኛውን ገንዳ ክዳን አንስተን ስናይ ድንጋዮቹ ወደ ታች ወርደው ጥጡ ከግማሽ በታች ሆኖ አገኘነው። በዚያ ሰዓት የጠየቅሁትን ጥያቄ ዛሬም እየጠየቅሁት ነው። «አጎቴ፣ ከዚህ ያወጣነው ምንም የለም። የገባው ሁሉ የት ሄደ?» አልኩት። «ውሃ አሳንሶት ነው፤ ሹራብ ሲታጠብ አይገባም እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። በረጅም እንጨት ቆስቁሼ ጥቂት አወጣሁ። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ክርነቱ ቀርቶ እንደ ዱቄት ሆነ። እጄን በውሃ አለቀለቅሁት፤ ቀና ብዬ በፀሐይ ሳየው ግን አሁንም ያብለጨልጭ ነበር። አጎቴ ከጎኔ ቆሞ ጣሳውን ሞልቶ ጠጣ። «እየው፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠጣሁት ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው።

በዚሁ ሁኔታ እያለን፣ ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ከታች ሰፈር የምትኖረው የጤና ጣቢያው ነርስ ወደ ማጠራቀሚያው መጣች። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። የቧንቧዋን አፍ በጥቁር ጨርቅ ስታስረው በጨርቁ ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር እየቀረ አስቸግሯት ነበር። አጎቴ በኩራት በብርጭቆ ቀድቶ ሰጣት። እርሷም ሳትጠጣ ወደ ፀሐይ አነሳችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አየር ነዋ ልጄ፤ ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ ነው።»

«አየር አይጠመዘዝም፣ ጋሼ።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። በብርጭቆው ውስጥ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች ቀስ ብለው ይጠመዘዙ ነበር። ሕይወት ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ሕይወት ቢኖራቸው ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ይሞታሉ። ሲስተር ከምን እንደመጣ ስትጠይቅ አጎቴ ወደ ቫልቩ ዞረ፤ ዓይኗ ግን ሸሚዜ ላይ ወደተጣበቀው ጥጥ ሄደ። ስትወጣ ተከትያት እስከ በሩ ሸኘኋትና ይጎዳ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ምን ያህል እንደሚጎዳ ጥናቱ አላለቀም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽህም። በሰው ሳንባም በደምም ውስጥ ተገኝቷል። የማውቀው፣ ይሄ ነገር አይበሰብስም፤ ይደቅቃል እንጂ አይጠፋም» አለችኝ። እኔ የዝናብ ውሃ ብቻ እንደምጠጣ ስነግራት «እሱም ውስጥ አግኝተውታል» አለች። ከዚያ በኋላ የውሃውን ክፍል ሰዎች ይዛ እንደምትመለስ ለአጎቴ ተናግራ ሄደች።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለአጎቴ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ። መርማሪው ለማሰብ ጊዜ እፈልግ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ጊዜ ከወሰድኩ ዝም እንደምል ስለማውቅ አልፈልግም ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አጎቴ የላይኛውን ገንዳ ከፍቶ እርጥቡን ጥጥ በአካፋ እያወጣ ነበር። ሊጥለው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን ባለቤቱ ጥጡን አልቀበልም ብሎት ነበር፤ ሜዳ ላይ ቢጥለውም ሰው ያየዋል። ስለሆነም የታችኛውን ገንዳ የብረት ክዳን አንስቶ ሁሉንም ወደዚያ ጨመረው፤ ድንጋዮቹንም ከላዩ ጫነ፤ ክዳኑን ዘግቶ አፈር አለበሰበት። የሚቀመጥበትንም በርጩማ አምጥቶ በላዩ አኖረው። ቀና ሲል አየኝ። «ስማ የእህቴ ልጅ» አለኝ፤ «ይሄን ካወጣሁት ጭቃው ይመለሳል፤ ሕፃናቱ እንደገና ይታመማሉ። አሸዋው እስኪመጣ ብቻ ነው። አንተ ምንም አላየህም።» የተናገረው በልመና እንጂ በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ እናገር ነበር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሲስተርና የውሃው ክፍል ሰዎች ሰኞ ዕለት መጡ። የላይኛውን ገንዳ ባዶውን አዩ፤ አጎቴ «ሁሉንም አውጥቼ አቃጥዬዋለሁ» አላቸው፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር የተናገረው። እነርሱም የውሃ ናሙና ወስደው፣ ምንጩ ከተወገደ ውሃው ቀስ በቀስ ይጠራል ብለው ቫልቩን ክፍት ትተውት ሄዱ። የናሙናው ውጤት ትናንት ሲመጣ ክሩ ከበፊቱ የበዛ ሆኖ ተገኘ፤ አጎቴም ትናንት ከቀትር በኋላ ተያዘ። ለዚህ ጣቢያ በሰጠው ቃልም ሁሉንም አቃጥያለሁ ማለቱን ከመርማሪው ሰምቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቱ ሥራ ቦታ መጥቶ በስሜ ጠራኝ። ከዚያ በፊት በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ወደ መኪናው አስገባኝ፤ የመቀመጫውንም ቀበቶ በገዛ እጁ አሰረልኝ። በመንገድ ላይ «ጆንያዎቹን አጎትህ ሰርቆ ነው፣ አንተም ፈርተህ ተሸክመህለት ነው በል። ስርቆት ምን አላት? ቶሎ ያስወጣችኋል። እኔ ሰጠሁ ካልክ ግን ነገሩ መርዝ ይሆናል፤ መርዝ ደግሞ ሁላችንንም ይዞ ይወርዳል» አለኝ። ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ቀበቶዬን ሳይፈታልኝ «አገርህ ሩቅ ነው አይደል? ድንገት አንድ ቀን ብትጠፋ እዚህ ማን ብሎ ይፈልግሃል?» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈታልኝ። መቀስ ከሥራ ቦታው ከመውጣቴ በፊት ጆሮዬ ላይ «አንተ ሽቦ፣ ሽቦ የሚመዘዘው ጅቡ እንዳይሰበር ነው፤ ዛሬ ግን ይሰበር» ብላኛለች። ባለቤቱ ጥጡን ሲፈቅድ መስማቷን ለመመስከርም ፈቃደኛ እንደሆነች ነግራኛለች።

ስለዚህ መርማሪውን ሌላ ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት ቫልቩ እንዲዘጋ ለምኛለሁ። የታችኛው ገንዳ ክዳን ከጠባቂው ክፍል በር ወጥቶ በስተግራ፣ በርጩማው ካለበት ቦታ ላይ፣ ከአፈሩ ሥር ይገኛል። ጥጡ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ውሃው አሁንም በእርሱ ላይ እያለፈ ነው። አጎቴ ሐሰት ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ሰው ለመጉዳት አይደለም። ሰውን የሚጎዳ ሰው ስለ ሌላ ሰው ልጅ ተቅማጥ አስቦ ከምግብ አይጾምም።

በዚህ ቦታ ላይ ቃሉ ተቋርጦ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ከውሃው ክፍል ሠራተኛ ጋር ወደ ማጠራቀሚያው ተልኳል። እኔም በክፍሉ ውስጥ ጠብቄያለሁ። በመስኮቱ በኩል የባለቤቱ መኪና ይታየኝ ነበር። መርማሪው መጋረጃውን ስበውልኛል።

የተላኩት ሲመለሱ ቃሌን ቀጥያለሁ። ባልደረባው በፊቴ እንደተናገሩት፣ ክዳኑ እኔ ባልኩት ቦታ፣ ከአፈር ሥር ተገኝቷል፤ ቫልቩም ተዘግቷል። ገንዳው ሲከፈት ግን በውስጡ የተገኙት ድንጋዮቹ ብቻ ናቸው። በድንጋዮቹ ላይ ነጭ ስስ ነገር ተለጥፎ የነበረ ሲሆን ከዚያ በቀር ጥጥ አልነበረም። ሌላ ሰው አውጥቶት እንደሆነ ተጠይቄ፣ አፈሩ ሳይነካ እንደነበር ባልደረባው ራሳቸው ስላረጋገጡ ማንም አላወጣውም ብዬ መልሻለሁ። ወዴት ሊሄድ ይችላል ተብዬ ስጠየቅ፣ መውጫው አንድ ብቻ መሆኑንና እርሱም ወደ ቧንቧው እንደሚወስድ አስረድቻለሁ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም፤ መርማሪውም እንደገና አልጠየቁኝም።

በመጨረሻም ሦስት ነገሮችን ለምኛለሁ። ከጣቢያው በጀርባው በር እንድወጣ፤ መቀስ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት ተጠርታ ቃሏን እንድትሰጥ፤ አጎቴ በታሰረበት ክፍል ያለው ባልዲ ከዚሁ ቧንቧ የተሞላ ስለሆነ ውሃው እንዲቀየርለት። ከእነዚህም ሌላ፣ የመሰከርኩበት እኔ መሆኔን ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት እኔ ራሴ እንድነግረውም እንዲፈቀድልኝ ጠይቄያለሁ። እናቴ አደራ ያለችው እርሱን ነበር፤ አደራው ግን ተገላብጦ እኔ ላይ ወድቋል።

ከላይ የሰፈረው ቃል በማውቀው ቋንቋ ቀስ ተብሎ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም። የፈራሁትን ፈርቻለሁ ብያለሁ፤ ያላወቅሁትን አላወቅሁም ብያለሁ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተረድቼ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

የቃል ተቀባዩ መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ እስኪጨርስ የቀረበለትን ውሃ አልጠጣም። ብርጭቆው እንደሞላ በፊቱ ታሽጎ በማስረጃነት ተይዟል። የመርማሪው ብርጭቆ ባዶ ስለነበር አልተያዘም።